ፕሮግራም አቀፍና ውስጠ ፋይል፦ በአሴምብሊ ቋንቋ የስሞችን ወሰን ስለ መሰየም

1. መግቢያ

በኮምፒዩተር ሙያ ከሚያጋጥሙት ጥንድ ቃላት መካከል «ሎካል» እና «ግሎባል» የሚባሉት ለተርጓሚ ቀላል መስለው ይታያሉ። የመጀመሪያውን «አካባቢያዊ»፣ ሁለተኛውን «ዓለም አቀፍ» ብሎ ማለፍ ለማንም ይቀናል፤ ሁለቱም አቻዎች በጋዜጣና በሬዲዮ የታሹ፣ ማንኛውም አንባቢ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸውና። ነገር ግን ጥንዶቹ ቃላት በአሴምብሊ ቋንቋ ውስጥ የሚሰጡትን አገልግሎት ቀርቦ የመረመረ ሰው ሁለት ነገሮችን ያስተውላል። አንደኛ፣ «ሎካል» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን ተሸክሞ ይገኛል። ሁለተኛ፣ «ግሎባል» የሚለው ቃል በዚህ ሙያ ውስጥ ከዓለምም ሆነ ከሉል ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጽንሰ ሐሳቦቹን አሠራር የቋንቋ ባለሙያ በሚረዳው መንገድ መግለጽ፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ የሚስማማ የአማርኛ ስያሜ ማቅረብ ነው። የሚሟገትለትም ፍሬ ሐሳብ አጭር ነው፤ ይኸውም የስምን ወሰን የሚያመለክት ስያሜ ወሰኑን ራሱን ለይቶ መጥራት አለበት የሚል ነው። ስሙ የሚታወቀው በአንቀጽ ውስጥ ከሆነ አንቀጽን፣ በፋይል ውስጥ ከሆነ ፋይልን፣ በመላው ፕሮግራም ከሆነ ፕሮግራምን ስያሜው ሊጠቅስ ይገባዋል። ጉዳዩ የቃላት አመራረጥ ጣጣ ብቻ አይደለም። በአማርኛ የተዘጋጀ መማሪያ ይዞ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ስያሜው ያሳሳተው እንደ ሆነ ስሕተቱ የሚገለጥለት ከብዙ ድካም በኋላ ነው፤ አንዳንዱም ስሕተት ከናካቴው ሳይገለጥ ሊቀር ይችላል።

2. ስሙ ምንን ይወክላል?

ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥርን ብቻ ነው። ትእዛዞቹ ቁጥሮች ናቸው፤ ትእዛዞቹና መረጃዎቹ የሚቀመጡባቸው የማኅደረ ትውስታ ቦታዎችም በቁጥር ይጠራሉ። የቦታው ቁጥር አድራሻ ይባላል። አሴምብሊ ቋንቋ እያንዳንዱ የማሽን ትእዛዝ በአጭር ቃል፣ አድራሻው ደግሞ ጸሐፊው በመረጠው ስም እንዲጻፍ የሚያስችል ቋንቋ ነው። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰው ፕሮግራም አሴምብለር ይባላል።

ስም ከመምጣቱ በፊት የነበረውን ችግር ማስታወስ የስሙን ጥቅም ለመረዳት ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ1949 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥራ በጀመረው ኤድሳክ በተባለው ኮምፒዩተር ላይ ዴቪድ ዊለር ያዘጋጀው የመነሻ ፕሮግራም የትእዛዙን ዓይነት በአንድ ፊደል፣ አድራሻውን በተለመደው የዐሥር ቤት ቁጥር ለመጻፍ አስችሎ ነበር። ይህ በዘመኑ ትልቅ እፎይታ ነው። ሆኖም አድራሻው አሁንም ቁጥር ስለ ሆነ፣ በፕሮግራሙ መካከል አንዲት ትእዛዝ የጨመረ ሰው ከእርስዋ በታች የሚገኙትን ቦታዎች የሚጠቅሱትን ትእዛዞች ሁሉ እየፈለገ ማረም ይኖርበታል። መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ይህን ችግር በሚገባ ያውቀዋል። «ገጽ 48ን ተመልከት» ብሎ የጻፈ አዘጋጅ ከዚያ በፊት አንድ ገጽ በተጨመረ ቁጥር ጥቆማውን ያርማል፤ «ሰዋስው የሚለውን ቃል ተመልከት» ብሎ የጻፈ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን የገጹ ቁጥር ቢለዋወጥ አይቸገርም። በአሴምብሊ ቋንቋም ስም የሚሰጠው አገልግሎት ይኸው ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አሴምብለሩ ጽሑፉን ባብዛኛው ሁለት ጊዜ ያነባል። በመጀመሪያው ንባብ አድራሻዎችን እየቈጠረ ይወርዳል፤ ከመስመር ራስ ላይ ስም ባገኘ ቁጥርም ስሙን ከአድራሻው ጋር በመዝገብ ያሰፍራል። በሁለተኛው ንባብ ስሙ በተጠቀሰበት ቦታ ሁሉ ከመዝገቡ ያገኘውን አድራሻ ይተካል። ሁለት ጊዜ ማንበቡ ያስፈለገው አንድ ስም ትርጉሙ ከመነገሩ በፊት ሊጠቀስ ስለሚችል ነው።

ይህ ስም በእንግሊዝኛ «ሲምቦል» ይባላል። አማርኛው «ምልክት» ነው ቢባል ወዲያው እክል ያጋጥማል። በዚሁ ሙያ ውስጥ ነጥብ፣ ሁለት ነጥብ፣ የዶላር ምልክት፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት እያንዳንዳቸው የታወቀ ተግባር ስላላቸው «ምልክቱ በዶላር ምልክት ያበቃል» የመሰለ ዐረፍተ ነገር ይወለዳል። «ትእምርት» የሚለው የግእዝ ቃል ደግሞ በሥነ ጽሑፍ ሂስ ዘንድ ከላዩ ፍቺ ባሻገር ሌላ ጥልቅ ፍቺ ላዘለ ነገር ተይዟል፤ እዚህ ግን ከስሙ ጀርባ ያለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ወኪል ስም» የሚለው ተመርጧል። ስሙ ቁጥሩን ወክሎ ይቆማል፤ ቁጥሩም አድራሻ ወይም ሌላ ቋሚ መጠን ሊሆን ይችላል። ከአገባቡ ግልጽ በሚሆንበት ጊዜ «ስም» ብሎ ማሳጠር ይቻላል።

3. መበየን፣ ይፋ ማድረግ፣ ማጣቀስ

ሰፊ ፕሮግራም በአንድ ፋይል ውስጥ አይጻፍም፤ በብዙ ፋይሎች ይከፋፈልና እያንዳንዱ ፋይል ለብቻው በአሴምብለር ይተረጐማል። ከዚያ በኋላ አያያዥ የሚባል ሌላ ፕሮግራም የተተረጐሙትን ፋይሎች ሰብስቦ አንድ ያደርጋቸዋል። አሴምብለሩ አንዱን ፋይል በሚሠራበት ጊዜ ሌላውን አያየውም። እንግዲህ አንድ ፋይል በሌላ ፋይል ውስጥ የሚገኝን ስም እንዴት ሊጠራ ይችላል የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ፋይሎች አሉ እንበል። በአንደኛው ውስጥ ሥራውን የሚያስጀምር «ዋና» የሚባል ክፍል አለ፤ በሁለተኛው ውስጥ ቁጥሮችን የሚደምር «ደምር» የሚባል ንዑስ ፕሮግራም አለ። ሁለቱም በየበኩላቸው ተደጋጋሚ ሥራ ስላላቸው በሁለቱም ፋይል ውስጥ የድግግሞሹ መነሻ «ዙር» ተብሏል። «ዋና» «ደምር»ን መጥራት ይፈልጋል፤ የአንዱ ፋይል «ዙር» ግን ከሌላው ፋይል «ዙር» ጋር ምንም ጉዳይ የለውም።

ይህ እንዲሟላ ሦስት የተለያዩ ድርጊቶች መፈጸም አለባቸው።

ሀ/ መበየን። በሁለተኛው ፋይል ውስጥ «ደምር» የሚለው ስም ከንዑስ ፕሮግራሙ የመጀመሪያ ትእዛዝ ፊት ይጻፋል። በዚህም ስሙ ዋጋ ያገኛል፤ ይህን ቦታ ይወክላል ተብሎ ተወሰነ ማለት ነው።

ለ/ ይፋ ማድረግ። በዚያው በሁለተኛው ፋይል ውስጥ «ደምር» ለሌሎች ፋይሎች እንዲታይ በተለየ መመሪያ ይነገራል። ይህ መመሪያ ለስሙ ዋጋ አይሰጠውም፤ ስሙ አያያዡ በሚያነበው መዝገብ ላይ ለሌሎች ክፍት ሆኖ እንዲሰፍር ብቻ ያደርጋል።

ሐ/ ማጣቀስ። በአንደኛው ፋይል ውስጥ «ደምር» ይጠራል። አሴምብለሩ አድራሻውን ስለማያውቀው ቦታውን ባዶ ትቶ «ይህ ከውጭ የሚሞላ ነው» የሚል ማስታወሻ ይጽፋል፤ አያያዡም በኋላ ይሞላዋል።

የመጀመሪያው ድርጊት ቢቀር፣ ወይም ሁለተኛው ቢዘነጋ፣ አያያዡ «ደምር» አልተበየነም ብሎ ሥራውን ያቆማል። በአንጻሩ ሁለቱም ፋይሎች «ዙር»ን ይፋ ቢያደርጉት አያያዡ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ተበይኗል ብሎ ይቃወማል። ሁለቱ «ዙሮች» በሰላም የሚኖሩት ሁለቱም ከየፋይላቸው ስላልወጡ ነው።

እነዚህን ድርጊቶች በየአሴምብለሩ የሚያመለክቱት ቃላት የተለያዩ መሆናቸው ለስያሜ ባለሙያ ትምህርት ይሰጣል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ ላደረገው ሲስተም 360 ለተባለው የኮምፒዩተር ቤተሰብ በተዘጋጀው አሴምብለር ስምን ለውጭ የሚያቀርበው መመሪያ «ኤንትሪ»፣ ማለትም መግቢያ፣ ይባላል፤ ከውጭ የሚመጣውን ስም የሚያስታውቀው ደግሞ ባዕድ ወይም ውጫዊ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ተቈርጦ የተወሰደ ነው። በማይክሮሶፍት አሴምብለር ያው የመጀመሪያው ድርጊት «ፐብሊክ»፣ ማለትም የሕዝብ ወይም የአደባባይ፣ ይባላል። በዩኒክስ አሴምብለር «ግሎብል» ተብሎ በነጥብ ጀምሮ ይጻፋል። ለፒዲፒ-11 ኮምፒዩተር በተዘጋጀው ማክሮ-11 በተባለው አሴምብለር ደግሞ ቃል እንኳ አያስፈልግም፤ ከስሙ በኋላ በአንድ ፈንታ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ማድረግ ብቻ ስሙን በአንድ ጊዜ ይበይነዋል፣ ይፋም ያደርገዋል። መግቢያ፣ የአደባባይ፣ ሉላዊ የሚሉት ሦስት የተለያዩ ቃላት አንድን ድርጊት ብቻ ከገለጡ፣ ተርጓሚው ከቃሉ ይልቅ ድርጊቱን መከተል አለበት ማለት ነው።

የሲስተም 360 አሴምብለር የሚያወጣው የማሽን ቋንቋ ፋይል ለመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ደስ የሚያሰኝ አንድ ክፍል አለው። በውስጡ የተበየኑትንና ከውጭ የሚፈለጉትን ስሞች የሚዘረዝረው ይህ ክፍል «የውጭ ሲምቦሎች መዝገበ ቃላት» ይባላል። ንጽጽሩም የተገባ ነው። በመዝገቡ ውስጥ የተበየነ ስም ፍቺ እንዳለው ዋና ቃል፣ ከውጭ የሚፈለግ ስም ደግሞ «ተመልከት» ተብሎ ወደ ሌላ ቅጽ እንደሚመራ ቃል ነው። አያያዡ ቅጾቹን ሁሉ ገልጦ እያንዳንዱ «ተመልከት» የሚያደርስ መሆኑን ያረጋግጣል።

እዚህ ላይ «መበየን» ስለሚለው ቃል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የመማሪያ መጻሕፍት አርእስት ብዙ ጊዜ «ግሎባል ሲምቦሎችን ስለ መበየን» በሚል አነጋገር ይጻፋል፤ በሥሩ የሚገኘው ትምህርት ግን በአብዛኛው ስለ ሁለተኛው ድርጊት፣ ይኸውም ይፋ ስለ ማድረግ ነው። ተርጓሚው አርእስቱን እንዳለ ከመለሰው ተማሪው የይፋ ማድረጊያውን መመሪያ በመጻፉ ብቻ ስሙ የተበየነ ይመስለዋል። ስለዚህ «መበየን» እና «ብያኔ» ለስሙ ዋጋ መስጠትን ብቻ እንዲያመለክቱ፣ ወሰንን ማስፋት ግን «ይፋ ማድረግ» እንዲባል ይመከራል። «ፍቺ» የሚለው ቃል ከዚህ ሥራ ቢገለል ይሻላል፤ ፍቺ አስቀድሞ ያለን ትርጉም መግለጥ ነው፣ ብያኔ ግን ትርጉሙን መደንገግ ነው። አሴምብለር ፊት የቆመ ስም ከመደንገጉ በፊት ምንም ትርጉም የለውም።

4. «ሎካል» የተባሉት ሦስት ነገሮች

ከላይ በተሰጠው ምሳሌ «ዙር» ሎካል ስም ነው፤ ማለትም ከፋይሉ አይወጣም። በፋይሉ ውስጥ ግን ከየትም ቦታ ሊጠራ ይችላል፤ በዚያው ፋይል ውስጥ ሁለተኛ «ዙር» መበየንም አይቻልም። አሴምብለሮች በአብዛኛው ማንኛውንም ስም፣ ሌላ መመሪያ እስካልተሰጣቸው ድረስ፣ በዚህ ወሰን ይይዙታል። ይህን «ውስጠ ፋይል ስም» እንበለው። «ውስጠ» የሚለው ቅጥያ ውስጠ ደንብ፣ ውስጠ ወይራ በሚሉት ቃላት እንደሚታየው በአማርኛ የተለመደና አዲስ ቃል ለማፍራት የሚመች ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይጠባል። በአንድ ፋይል ውስጥ ብዙ አጫጭር ድግግሞሾችና ዝላዮች ስላሉ ለእያንዳንዱ ልዩ ስም መፈለግ አሰልቺ ነው፤ ማክሮ-11ን በመሰለ፣ የስም የመጀመሪያ ስድስት ፊደላትን ብቻ በሚለይ አሴምብለር ደግሞ ስም ራሱ ይጠባል። በዚህ ምክንያት ማክሮ-11 ከ1 እስከ 65535 ያለ ቁጥርን ከዶላር ምልክት ጋር እንደ ስም ይቀበላል። ይህ ስም የሚታወቀው ባብዛኛው በሁለት ተራ የቦታ ስሞች መካከል ብቻ ነው፤ አዲስ የቦታ ስም ሲመጣ የቀድሞው ክልል ይዘጋና ያው ቁጥር እንደ ገና ሊበየን ይችላል። ናዝም በተባለው አሴምብለር ደግሞ በነጥብ የሚጀምር ስም ከእርሱ በላይ ካለው ተራ ስም ጋር ይቆራኛል። በ«ደምር» ሥር የተጻፈ «ነጥብ ዙር» ሙሉ ስሙ «ደምር ነጥብ ዙር» ነው። በቤቱ ውስጥ በአጭሩ ይጠራል፤ ከሌላ ቤት የሚጠራው ሰው ግን ከወላጁ ስም ጋር አያይዞ መጥራት አለበት። ሰውን በስሙና በአባቱ ስም ለሚለይ ኅብረተሰብ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም፤ የሚለየው የወላጅ ስም መቅደሙ ብቻ ነው። ሁለቱን ዓይነቶች በአንድነት «ውስጠ አንቀጽ ስም» ልንላቸው እንችላለን፤ አንቀጽ የተባለውም በሁለት ተራ የቦታ ስሞች መካከል ያለው የፕሮግራም ክፍል ነው።

ሦስተኛው ነገር ክልል የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚለካው በቅርበት ነው። ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው የመጀመሪያ ቅጽ ውስጥ ለማስተማሪያ በፈጠረው ሚክስ በተባለው ምናባዊ ኮምፒዩተር ቋንቋ ይህን ዓይነት ስም ተጠቅሞበታል፤ የሐሳቡንም መነሻ እ.ኤ.አ. በ1958 ለዩኒቫክ አሴምብለር የሠራው መልቪን ኮንዌይ መሆኑን ገልጿል። አንድ ነጠላ አሐዝ በፈለጉት ቦታ ሁሉ ደጋግሞ ይበየናል። የሚያጣቅሰው ሰው ከአሐዙ በኋላ በሚያደርገው ፊደል «ከዚህ በፊት ያለውን ቅርብ» ወይም «ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ቅርብ» መፈለጉን ያመለክታል። የዩኒክስ አሴምብለርም ይህንኑ አሠራር ወሰደ።

የስያሜው መደበላለቅ ጐልቶ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ይህንን አንድ ነገር ክኑት «ሎካል» ሲለው የመጀመሪያው የዩኒክስ አሴምብለር መመሪያ መጽሐፍ «ጊዜያዊ» ይለዋል፤ የኋላው የግኑ አሴምብለር መመሪያ ደግሞ እንደ ገና «ሎካል» ይለዋል። ለዚህ «የቅርብ ስም» የሚለው ስያሜ ቀርቧል። አቅጣጫውንም በተመለከተ፣ እንግሊዝኛው «ወደ ፊት» እና «ወደ ኋላ» ቢልም የአማርኛ ጽሑፍ ልማድ «ከላይ እንደ ተገለጠው»፣ «ከዚህ በታች እንደሚታየው» የሚል ነው። ስለዚህ «የላይ ቅርብ» እና «የታች ቅርብ» ማለት ለአንባቢው ይቀርባል፤ «ወደ ፊት» የሚለው ቃል የገጹን አቅጣጫ ሳይሆን ገና የሚመጣውን ጊዜ የሚያስታውስ ስለ ሆነ ቢተው ይመረጣል።

የእነዚህ ሦስቱ ልዩነት የክፍፍል ጥማት የወለደው አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚያስከትለው ስሕተት የተለየ ነው። የውስጠ ፋይል ስም ሁለት ጊዜ ቢበየን አሴምብለሩ ወዲያው ይናገራል። በውስጠ አንቀጽ ስምና በሚያጣቅሰው ትእዛዝ መካከል አዲስ ተራ ስም ቢገባ አንቀጹ ይቈረጣል፤ በአዲሱ አንቀጽ ውስጥ ያው ስም ከሌለ አሴምብለሩ አላገኘሁትም ይላል። የቅርብ ስም ግን አደገኛ ነው። «የላይ ቅርብ 1» ብሎ በሚያጣቅስ ትእዛዝና በታሰበው ቦታ መካከል ሌላ ሰው አዲስ «1» ቢያስገባ፣ ትእዛዙ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ወደ አዲሱ ቦታ ይዘላል። ፕሮግራሙ ይተረጐማል፣ ይያያዛል፣ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን የታሰበውን አይደለም።

ለምሁራን ይህን የሚያስረዳ ጥሩ ምሳሌ በገዛ ጽሑፋችን ውስጥ አለ፤ እርሱም በግርጌ ማስታወሻ የምንጽፈው «ዝኒ ከማሁ» ነው። «ዝኒ ከማሁ» ትርጉሙን የሚያገኘው ከበላዩ ካለው ቅርብ ማስታወሻ ብቻ ነው። ከሁለቱ መካከል የሌላ መጽሐፍ ማስታወሻ የገባ ዕለት «ዝኒ ከማሁ» ሳይታረም፣ ማንም ሳያውቅ፣ የአንዱን ደራሲ ቃል ለሌላው ይሰጣል። በአንጻሩ የደራሲውን ስምና የመጽሐፉን አርእስት ሙሉ በሙሉ የጻፈ ሰው ማስታወሻው ቦታ ቢለዋወጥም አይሳሳትም። የቅርብ ስምና የውስጠ ፋይል ስም ልዩነት ይኸው ነው። ሁለቱንም «አካባቢያዊ» ብሎ የተማረ ተማሪ ይህን አደጋ ከስያሜው ሊረዳ አይችልም።

5. ከ«ዓለም አቀፍ» ወደ «ፕሮግራም አቀፍ»

«ግሎባል» የሚለውን ለመተርጐም ሦስት መንገዶች በቀላሉ ይታሰባሉ። «ሉላዊ» ከእንግሊዝኛው ቃል ምንጭ የተቀዳ ስለ ሆነ ቅርጹን እንጂ አሠራሩን አይገልጥም። «አጠቃላይ» ከዝርዝር ጋር የሚነጻጸር ቃል ነው፤ ይፋ የተደረገ ስም ግን እንደ ማንኛውም ስም አንድ የተወሰነ ቦታን ስለሚወክል አጠቃላይነት የለውም። «ዓለም አቀፍ» ደግሞ መንግሥታትንና ድርጅቶችን ስለሚያስታውስ ለአንባቢው የተሳሳተ መጠን ይሰጠዋል፤ የአንድ ፕሮግራም ስም በሌላ ፕሮግራም ውስጥ ሁሉ የሚታወቅ ያስመስለዋል።

ነገር ግን በሦስተኛው ቃል ውስጥ ጠቃሚ ነገር አለ፤ እርሱም «አቀፍ» የሚለው ክፍል ነው። አማርኛ ዓለም አቀፍ፣ ሀገር አቀፍ፣ አህጉር አቀፍ ሲል ከ«አቀፍ» በፊት የሚመጣው ስም ወሰኑን ይናገራል። እንግዲህ ወሰኑን ትተን ማቀፉን ብቻ ብንወስድ «ፕሮግራም አቀፍ» የሚለውን እናገኛለን። ስሙ አያያዡ በሚያገናኛቸው ፋይሎች ሁሉ ዘንድ የታወቀ መሆኑን፣ ከዚያ ግን የማያልፍ መሆኑን ቃሉ ራሱ ይናገራል። ከ«ውስጠ ፋይል» ጋርም በአንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ወሰንን ይጠራሉና።

የዚህ ስያሜ ጥቅም የሚፈተንበት አንድ ጉዳይ አለ። በሲ ቋንቋ ከንዑሳን ፕሮግራሞቹ ሁሉ ውጭ ሆኖ «ስታቲክ» ተብሎ የተበየነ ተለዋዋጭ፣ በፋይሉ ውስጥ ያሉት ንዑሳን ፕሮግራሞች በሙሉ ስለሚያዩት፣ በሲ ጸሐፊ አንደበት ብዙ ጊዜ «ግሎባል» ይባላል። ያው ተለዋዋጭ ወደ አሴምብሊ ቋንቋ በተመለሰ ጊዜ ይፋ ማድረጊያ መመሪያ ስለማይጻፍለት «ሎካል» ስም ነው። አንድ ነገር በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በገጽ 10 ዓለም አቀፍ፣ በገጽ 90 አካባቢያዊ ቢባል አንባቢው አንዱን ገጽ ስሕተት ነው ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። ሁለቱም ጸሐፊዎች ግን አልተሳሳቱም፤ አንደኛው ወሰኑን ከንዑስ ፕሮግራም ጋር፣ ሌላው ከመላው ፕሮግራም ጋር አነጻጽሮ ተናገረ። «ውስጠ ፋይል» ሲባል ግን ክርክሩ ይዘጋል፤ ነገሩ በሁለቱም ገጽ ውስጠ ፋይል ነው።

ይህን ውሳኔ የሚያጸና ማስረጃ ከአሠራሩም ይገኛል። ዩኒክስንና ሊኑክስን በመሰሉ ሥርዓቶች በሰፊው በሚሠራበት ኤልፍ በተባለው የፋይል ቅርጽ ውስጥ ለእያንዳንዱ ስም ትስስሩ በቁጥር ይመዘገባል፤ ውስጠ ፋይል ስም 0፣ ፕሮግራም አቀፍ ስም 1 ይሰጠዋል። ደንቡም በአንድ የስም መዝገብ ውስጥ ውስጠ ፋይል ስሞች ሁሉ ከሌሎቹ ቀድመው እንዲሰፍሩ ያዛል። ውስጠ አንቀጽና የቅርብ ስሞችን ግን ይህ ምድብ አያውቃቸውም፤ እነርሱ በአሴምብለሩ ዘንድ ተጀምረው በአሴምብለሩ ዘንድ የሚያበቁ የአጻጻፍ ጉዳዮች ናቸው። ፋይልን የሚሻገረው ጥያቄና በፋይል ውስጥ የሚቀረው ጥያቄ በአንድ ቃል ሊጠሩ የማይገባቸው ለዚህ ነው።

6. ልልና ጥብቅ ትስስር

በዚሁ መዝገብ ውስጥ 2 የሚል ቁጥር የሚሰጠው ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ እንግሊዝኛው «ደካማ» ይለዋል። ይህ ስም ፕሮግራም አቀፍ ቢሆንም በሌላ ፋይል ውስጥ ተራ ፕሮግራም አቀፍ ብያኔ ካለ ያለ ክርክር ቦታውን ይለቃል፤ አያያዡም ስሙ ሁለት ጊዜ ተበይኗል ብሎ አይቃወምም። የተጣቀሰ ደካማ ስም ከየትም ፋይል ብያኔ ባያገኝ እንኳ ዋጋው ዜሮ ይሆናል እንጂ ማያያዙ አይቋረጥም።

«ደካማ» የሚለው ቃል ጉድለት ያለበት ስለሚያስመስለው አይስማማም። የአማርኛ ሰዋስው ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ ለመለየት የሚጠቀምባቸው «ጥብቅ» እና «ልል» የሚሉት ቃላት ግን በቅርብ ይገኛሉ። የላላ ፊደል ጉድለት እንደሌለበት ሁሉ ትስስሩ የላላ ስምም ጉድለት የለበትም፤ ሌላ ጥብቅ በመጣ ጊዜ ይላቀቃል እንጂ። ስለዚህ «ልል ስም» እና «ጥብቅ ስም» የሚሉት ቀርበዋል።

7. የቀረቡት ስያሜዎች

ከላይ የተደረገው ምርመራ የሚከተሉትን ስያሜዎች ያስገኛል።

ወኪል ስም፦ በአሴምብሊ ቋንቋ አድራሻን ወይም ሌላ ቋሚ መጠንን ወክሎ የሚቆም ስም።

ብያኔ፦ ለወኪል ስም ዋጋ መስጠት። በወሰኑ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈጸማል፤ የቅርብ ስም ከዚህ ደንብ ውጭ ነው።

ይፋ ማድረግ፦ በአንድ ፋይል ውስጥ የተበየነ ስም ለሌሎች ፋይሎች እንዲታይ በመመሪያ ማዘዝ።

ማጣቀስ፦ የተበየነን ወይም ከውጭ የሚጠበቅን ስም በትእዛዝ ውስጥ መጥራት።

ፕሮግራም አቀፍ ስም፦ አያያዡ በሚያገናኛቸው ፋይሎች ሁሉ ዘንድ የሚታወቅ ስም።

ውስጠ ፋይል ስም፦ በተበየነበት ፋይል ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ስም።

ውስጠ አንቀጽ ስም፦ በሁለት ተራ የቦታ ስሞች መካከል የሚታወቅ፣ ከዚያ ውጭ እንደ ገና ሊበየን የሚችል ስም።

የቅርብ ስም፦ ደጋግሞ የሚበየን፣ የላይ ቅርብ ወይም የታች ቅርብ ተብሎ በቦታው የሚለይ ስም።

ልል ስም፦ ጥብቅ ብያኔ ባለበት ቦታውን የሚለቅ ፕሮግራም አቀፍ ስም።

ስያሜዎቹ የሚመዘኑት በዝርዝር ውስጥ ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው። «አካባቢያዊው ምልክት ዓለም አቀፍ ካልተደረገ ከሌላ ፋይል አይጠራም፤ አካባቢያዊ ምልክት ግን ደግሞ ሊበየን ይችላል» የሚለውን አንባቢ ሁለቱ «አካባቢያዊ» ምልክቶች አንድ ይመስሉታል። «ውስጠ ፋይል ስም ይፋ ካልተደረገ ከሌላ ፋይል አይጠራም፤ ውስጠ አንቀጽ ስም ግን በሌላ አንቀጽ ውስጥ ደግሞ ሊበየን ይችላል» ሲባል ግን መምህር ሳይጨመርበት ራሱ ይገባዋል።

ተርጓሚው የሚገጥመው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ሎካል» ከማለት በቀር የትኛው እንደ ሆነ የማይናገርበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ በሚሆንበት ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቁ። ስሙ ከሌላ ፋይል ሊጠራ ይችላልን? በዚያው ፋይል ውስጥ ሁለተኛ ሊበየን ይችላልን? ሁለተኛ ሊበየን ከቻለስ የሚለየው በክልሉ ነው ወይስ በቅርበቱ? ለእነዚህ መልስ የተገኘ እንደ ሆነ ስያሜው አብሮ ይገኛል። በየሙያ መሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ቃላቱን የሚሠሩባቸው ሰዎች የማይመች ሆኖ ያገኙትን ስያሜ ከሚያውክበት ዐረፍተ ነገር ጋር ቢያቀርቡ ማሻሻሉ በዚያ ዐረፍተ ነገር ላይ ተመሥርቶ ሊካሄድ ይችላል።